«የወገብ መርፌው አንጎሌን ነክቶት ይሆን?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱን መርጬ የዚህን ሳምንት ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤው የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ጸሐፊዋ «ስሜን አደራ!» ስላለች አደራዋን ጠብቄ፣ የረዘመውንም አሳጥሬ እነሆ፦

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። እኔ የ28 ዓመት ባለትዳር ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነበር። ያን ጊዜ አላስተኙኝም፤ ቁጭ አድርገው ወገቤ ላይ በመርፌ ወጉኝና ከደረቴ በታች ያለው አካሌ የኔ አልሆን አለ። ሐኪሞቹ ሲያወሩ እሰማለሁ፣ ልጄ ስታለቅስ እሰማለሁ፣ ግን አያመኝም። ልጄ ደኅና ናት፣ ተመስገን። ከዚያ ወዲህ ግን ወገቤን ያመኛል። ደግሞ ነገር እረሳለሁ። ድስት ጥጄ እረሳለሁ፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ እረሳለሁ። አማቴ ‹መርፌው በአከርካሪዋ አድርጎ አንጎሏ ላይ ወጥቷል› ይላሉ። አሁን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሐኪሜ ‹የአሁኑም በኦፕራሲዮን ነው› ብላኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹ከፈለጉ ሙሉ በሙሉ ያስተኙሽ እንጂ ያ መርፌ ዳግመኛ አይነካሽም፤ እኔ አልፈርምም› ብሎ ምሏል። እሱ ራሱ ጥርሱን ሲነቀል ጆሮው ጭው ብሎበት ስለነበር የማደንዘዣ መርፌ ስሙ እንዲነሳበት አይፈልግም። ቤታችን ሰላም አጥቷል። እውነት መርፌው አንጎል ይጎዳል? እባክህ ቶሎ መልስልኝ፣ ቀኑ እየደረሰ ነው።»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምልሽ። አይ፣ ያ መርፌ አንጎልሽን አልጎዳውም፤ መድኃኒቱም በሦስት ዓመት ቀርቶ በሦስት ቀን ውስጥ ከአካልሽ ወጥቶ አልቋል። ግን ይህችን ብቻ ብዬ ብተወው የቤትሽን ጠብ አያበርደውም። ደግሞም አማትሽም ሆኑ ባለቤትሽ የሚፈሩት ከመሬት ተነስተው አይደለም። የማደንዘዣ መድኃኒት አንጎል ላይ የሚደርስበት መንገድ አለ። መንገዱ ግን እነሱ ባሰቡት በኩል አይደለም።

ስለዚህ አድራሻሽን ይዤ ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወረድኩ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ዛሬ ግን ሰው ስሙን ሲሰማ ትዝ የሚለው ኮንዶሚኒየሙና የአዳማው የፍጥነት መንገድ ነው። እኔም ለዚህች ደብዳቤ መልስ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ ያገኘሁት ከዚያው መንገድ ላይ ሆነ።

ቤት ስደርስ ቡናው ቀርቧል፣ ፈንዲሻውም ወጥቷል። አማትየዋ ገና አረፍ ከማለቴ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። እስቲ ንገረኝ፣ አከርካሪ ላይ የተወጋ ነገር ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ላይ አይደለም?»

ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። ሕብለ ሰረሰርን ከብቦ የሚገኘው ፈሳሽ በእርግጥም ከአንጎል ፈሳሽ ጋር የተገናኘ ነው። «እማማ፣ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን መርፌው ምን እንደሚሠራ እንወቅ» አልኳቸውና ወደ ልጃቸው ዞርኩ። ሹፌር ነው፤ ዕቃ ጭኖ በአዳማ በኩል ይመላለሳል።

«መኪናህን ይዘህ ወደ ፍጥነት መንገዱ ስትገባ መጀመሪያ የምታገኘው ምንድን ነው?»

«የክፍያ ጣቢያው ነዋ!»

«ቱሉ ዲምቱ ያለው የክፍያ ጣቢያ ቢዘጋ አዳማ ምን ትሆናለች?»

«ምን ትሆናለች? ምንም አትሆንም። መኪና አይመጣላትማ!»

በቃ፣ የማደንዘዣ መርፌ ሥራው ይኸው ነው! ነርቭ ማለት መንገድ ነው። የሕመም መልእክት ከጥርስ፣ ከእግር ወይም ከሆድ ተነስቶ በዚያ መንገድ ወደ አንጎል ይጓዛል። «አመመኝ» የምንለው መልእክቱ አንጎል ሲደርስ ነው። ማደንዘዣው መንገዱ ላይ ያለውን በር ይዘጋዋል። አንጎል አልታመመም፣ አልተኛም፣ አልደነዘዘም። እንደ አዳማ ሰላሙን ተቀምጧል፤ የሚመጣለት መልእክት ግን የለም። አንቺም እህቴ ልጅሽ ስታለቅስ የሰማሽው፣ የሐኪሞቹን ወሬ እስከ ዛሬ የምታስታውሽው አንጎልሽ ንቁ ስለነበር ነው።

ለመሆኑ በሩ ምንድን ነው? በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ከሴሉ ውጭ ሶዲየም በብዛት አለ፤ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ራሱ ነው። ነርቩ ሲነካ አንዱ በር ይከፈታል፣ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ በዚያ ቦታ የኤሌክትሪክ ለውጥ ይፈጠራል። ያ ለውጥ የሚቀጥለውን በር ይከፍታል፣ እሱም የሚቀጥለውን። መልእክቱ እንዲህ በር በበር እየተቀባበለ ከእግር ጣት እስከ አንጎል ይደርሳል። ይህንን አሠራር ሆጅኪንና ሀክስሊ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በአንድ የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1952 ጻፉት፤ በ1963ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉበት።

ማደንዘዣው ታዲያ የሴሉን ሽፋን ሰርጎ ይገባና በሩን ከውስጥ በኩል ይወትፈዋል። በሩ ካልተከፈተ ሶዲየም አይገባም፤ ሶዲየም ካልገባ መልእክት የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደም መድኃኒቱን ከቦታው እያጠበ ይወስደዋል፣ ጉበት ይሰባብረዋል፣ በሩም እንደነበረ ይከፈታል። በሩ ተዘጋ እንጂ አልተሰበረም! የሕመም መልእክት የሚያመላልሱት ነርቮች ቀጫጭን ስለሆኑ ቶሎ ይያዛሉ፤ የመነካትና የመገፋት ስሜት የሚሸከሙት ወፍራሞቹ ይዘገያሉ። ጥርስ ሲነቀል «ሲጎትተኝ ይሰማኛል፣ ግን አላመመኝም» የሚባለው ለዚህ ነው።

አማትየዋ እስካሁን ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። «እኛ ደግሞ ጥርስ ሲያመን ቅርንፉድ እንነክሳለን፤ ለጊዜው ጸጥ ያደርገዋል» አሉ።

ወይ ጉድ! ሳያውቁት እውነቱን ራሳቸው ተናገሩት። ቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ዘይት አለ። እሱም እነዚህኑ የሶዲየም በሮች ይዘጋል። የጥርስ ሐኪሞች ለጊዜያዊ ሙሌት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። «እማማ፣ እርስዎ ሲነክሱት የኖሩት ቅርንፉድ እኮ የመርፌው የሩቅ ዘመድ ነው፤ አንጎልዎን ጎድቶታል?» ብላቸው ሳቁ። (በነገራችን ላይ ነክሶ መያዙ እንጂ የቅርንፉድ ዘይት ድዳችሁ ላይ እንዳታፈሱ፤ ያቃጥላል። የበሰበሰ ጥርስ ደግሞ በቅርንፉድ አይድንም።)

የሐኪም ቤቱም ማደንዘዣ ቢሆን መነሻው ቅጠል ነው። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የኮካ ቅጠል ያኝካሉ፤ ሲያኝኩት አፋቸው ይደነዝዛል። ከዚያ ቅጠል የወጣውን ኮኬይን እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኮለር የተባለ ወጣት የቪየና ሐኪም ዓይን ላይ አድርጎ በሽተኛው ሳይተኛ ኦፕራሲዮን ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። በ1898 ደግሞ አውጉስት ቢር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የወገቡን መርፌ ጀመረ። በራሱና በረዳቱ ላይ ሞክሮት ሁለቱም ራስ ምታት ይዟቸው ነበር፤ የዚህን ራስ ምታት ነገር ወደ በኋላ አነሳዋለሁ። ኮኬይን ሱስ ስለሚያሲዝና ስለሚመርዝ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሊዶኬይን በስዊድን በ1943 ተሠርቶ በ1948 ገበያ ላይ ዋለ። ለወገብ መርፌ የሚውለው በአብዛኛው ቡፒቫኬይን ነው። ሱስ አያሲዝም።

አሁን ወደ ባለቤቷ ጆሮ እንምጣ። «ጆሮህ ጭው ሲል ሌላስ ምን ተሰማህ?» አልኩት።

«ከንፈሬን ወረረኝ። አፌ ውስጥ ብረት ብረት አለኝ። ትንሽ ዞረብኝ፣ ደቂቃ ሳይቆይ ተወኝ።»

«ለሐኪሙ ነገርከው?»

«ምን ብዬ? ወንድ ልጅ መርፌ ፈርቶ ነው ይበለኝ እንዴ?»

ጎበዝ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው! እስካሁን መድኃኒቱ ነርቩ ዘንድ ተቀምጦ መንገድ ሲዘጋ አየን። መርፌው በአጋጣሚ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ወይም መጠኑ ከበዛ ግን መድኃኒቱ በደም ተጭኖ አንጎል ይደርሳል። አንጎልም የተሠራው ከነርቭ ሴሎች ነው፤ በሮቹም ተመሳሳይ ናቸው። መድኃኒቱ ሲደርስ እነሱንም መዝጋት ይጀምራል።

ሰው በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ የሚተኛ ይመስለናል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አንጎል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ እንበል። አንዱ «ሂድ፣ ሥራ፣ ተንቀሳቀስ» የሚል ነው። ሌላው እንደ ትራፊክ ፖሊስ «ቁም፣ ቀስ በል» የሚል ነው። ማደንዘዣው በትንሽ መጠን ሲገባ ቀድመው የሚደክሙት ትራፊክ ፖሊሶቹ ናቸው። ፖሊስ የሌለበትን የቃሊቲ መስቀለኛ መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት አስቡት! ሁሉም ልቅደም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ይወራል፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል፣ ጆሮ ጭው ይላል፣ ይዞራል፣ አንዳንዱ ያለ ወትሮው ይለፈልፋል። መጠኑ ከጨመረ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ እንደሚጥል በሽታ ያለ። ከዚያም በላይ ከሆነ «ሂድ» ባዮቹም ይዘጋሉ፤ ሰውየው ራሱን ይስታል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል።

የሚገርመው ነገር፣ ለሚጥል በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፌኒቶይን የሚሠራውም እነዚህኑ የሶዲየም በሮች በመያዝ ነው። እሱ ከመጠን በላይ የሚጮኹትን ሴሎች መርጦ ዝም ያሰኛል። በር መዝጋት በራሱ መርዝ አይደለም፤ ልዩነቱ የመጠንና የቦታ ነው።

መጠኑንስ ብትሉኝ፣ ለምሳሌ አድሬናሊን ያልተቀላቀለበት ሊዶኬይን ሊታለፍ የማይገባው መጠን በኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 270 ሚሊ ግራም ይሆናል። የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምባት አንዷ ትንሽ ብልቃጥ 1.8 ሚሊ ሊትር ስትሆን፣ መድኃኒቱ ሁለት በመቶ ከሆነ የምትይዘው 36 ሚሊ ግራም ነው። ጣሪያው ላይ ለመድረስ ከሰባት ብልቃጥ በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። የጥርሱ መርፌ ላይ ብዙ ጊዜ አድሬናሊን ይቀላቀልበታል፤ የደም ሥር ያጠብና መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም እንዳይሸሽ ያደርጋል። ልብ ድው ድው የሚያደርገውም እሱ ነው።

«አንተስ ያን ቀን ጫት ይዘህ ነበር?» ብዬ ሹፌሩን ስጠይቀው ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ አየና ፈገግ አለ። ጫት በራሱ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። በዚያ ላይ አድሬናሊን ሲመጣ ልብ ይበልጥ ይጋልባል። ጥርስ የሚነቀል ሰው ጫት ቅሞ መሄድ የለበትም፤ ከሄደም ለሐኪሙ መደበቅ የለበትም።

የእሱ ጆሮ ጭው ማለት ከተናገረው ምልክት ጋር ሲታይ ትንሽ መድኃኒት የደም ሥር ውስጥ የገባ ይመስላል። ደም ወዲያው በትኖ አቅልሎታል፣ አልፏልም። በአንጎሉ ላይ የቀረ ነገር የለም። ግን ሐኪሙ ሁለተኛ መርፌ ሊጨምርለት ቢሆን ኖሮስ? ዝም ማለቱ ምን ሊያስከትል ይችል ነበር? ከንፈር ሲወራችሁ፣ ጆሮ ጭው ሲል፣ ብረት ብረት ሲላችሁ «ቁም!» በሉ። ማፈር አያስፈልግም። እነዚህ ምልክቶች የተሰጡን እንድንናገራቸው ነው። ለከባዱም አደጋ ቢሆን መድኃኒት ተገኝቶለታል። ጋይ ዋይንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ከአኩሪ አተር ዘይት የሚሠራ፣ በደም ሥር የሚሰጥ የስብ ፈሳሽ በማደንዘዣ የተመረዙ አይጦችን ልብ እንደሚታደግ አሳተመ። በ2006 ደግሞ ልቡ የቆመ ሰው በዚሁ መዳኑ ተጻፈ። ስቡ መድኃኒቱን ከልብና ከአንጎል እየሳበ ይይዘዋል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። «የኔ ጥርስ መርፌ አልቀበል አለ» ይባላል። መግል የያዘ ቦታ አሲድ ይሆናል። አሲድ ውስጥ መድኃኒቱ ቅርጹ ይለወጥና የነርቩን ሽፋን ማለፍ ያቅተዋል፤ በሩ ውጭ ቆሞ ይቀራል። ሐኪሙ «መጀመሪያ ቁስሉን እናክም» ቢላችሁ ወይም ራቅ አድርጎ ሌላ ቦታ ቢወጋችሁ አላዋቂ ነው አትበሉት።

እሺ፣ አሁን የእማማን ጥያቄ ልመልስ። ወገብ ላይ የተወጋው ወደ ላይ አይወጣም?

በመጀመሪያ፣ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው። የትልቅ ሰው ሕብለ ሰረሰር ከወገብ በላይ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ያለው በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ የነርቭ ዘለላ ነው። ቁጭ በይ፣ ጀርባሽን አጉብጪ፣ አትንቀሳቀሺ የሚሉት ያንን ትክክለኛ ቦታ ለማግኘት ነው። ሁለተኛ፣ የሚሰጠው መጠን ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የቡፒቫኬይን ጣሪያ 120 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ የወገቡ መርፌ ከዚያ አሥረኛ እጁ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ቢገባ እንኳ ከጣሪያው ብዙ ይቀረዋል። ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ላይ ስኳር ይጨመርበታል። ስኳሩ ከፈሳሹ ይልቅ ከባድ ያደርገዋል፤ ማር ውኃ ውስጥ ሲጨመር ወደ ታች እንደሚዘቅጠው። ባለሙያው አልጋውን ከፍና ዝቅ እያደረገ መድኃኒቱ የት እንዲደርስ እንደሚፈልግ ይቆጣጠራል።

አዎ፣ አንዳንድ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ከፍ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ እጅ ይዝላል፣ መተንፈስ ይከብዳል። የደም ግፊትም ወረድ ሲል ያቅለሸልሻል። ለዚህ ነው ባለሙያው ከራስጌ ቆሞ የማይለየው። እህቴ፣ ይህ ከተሰማሽ ወዲያው ተናገሪ፤ መድኃኒት አለው፣ ኦክስጅን አለው፣ መድኃኒቱም ሲያልቅ ያልፋል። በሀገራችን ሰመመን የሚሰጡት በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ የተመረቁ ባለሙያዎች ናቸው። ሥራቸው ወግቶ መሄድ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው አንቺን መጠበቅ ነው።

ባለቤትሽ ያልተገነዘበው አንድ ነገር ደግሞ አለ። «አንጎሏ እንዳይነካ ሙሉ በሙሉ ያስተኟት» ይላል። ወንድሜ፣ ሙሉ ሰመመን እኮ ሥራው አንጎል ላይ ነው! የወገቡ መርፌ መንገድ ይዘጋል፤ ሙሉ ሰመመን ግን አዳማን ራሷን ያስተኛል። አንጎሏን ላድን ብለህ የመረጥከው አንጎል የሚያስተኛውን ሆነ። እሱም ቢሆን አንጎል ያበላሻል ማለቴ አይደለም። ደም ሲፈስ፣ ጊዜ ሲያጥር፣ የደም መርጋት ችግር ሲኖር ሐኪሞች እሱኑ ይመርጣሉ፣ ነፍስም ያድናል። ነገር ግን ለነፍሰ ጡር ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ማስገባት ይጠይቃል፣ ከሆዷ ያለው ምግብ ወደ ሳንባዋ የመግባት ሥጋት አለው፣ መድኃኒቱም ለሕፃኑ ይተርፋል። ምንም የሚከለክል ነገር ከሌለ የወገቡ መርፌ የሚመረጠው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ እናት የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ ትሰማለች።

ታዲያ ወገቧንስ ለምን ያማታል? ነገሩስ ለምን ይጠፋታል?

የተወጋበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያም ይችላል። ለዓመታት የሚቆይ የወገብ ሕመም ግን ማደንዘዣ በተወጉትና ባልተወጉት ወላዶች መካከል ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እርግዝና ራሱ የወገብን ጅማት ያላላል፣ የሰውነትን ሚዛን ይቀይራል። በዚያ ላይ ልጅ ማዘል አለ። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት አለ። እሷ ራሷ «በሳምንት ስንት ጊዜ!» አለችኝ። ወገቡ የሚጠየቀው እዚህ ነው እንጂ መርፌው ጋ አይደለም።

የመርሳቱም ነገር እንደዚያው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፏ ተቆራርጧል፣ አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፣ በዚያ ላይ ጭንቀት አለባት። የደም ማነስም ሰውን ያዝላል፣ ሐሳብ ይበትናል። በሚቀጥለው ክትትልሽ ደምሽ እንዲታይ ጠይቂ። ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥ ካለም አትደብቂ፤ ከወሊድ ጋር የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ሕክምና አለው።

የአውጉስት ቢርን ራስ ምታት አነሳዋለሁ ብዬ ነበር። መርፌው በበሳት ቀዳዳ ፈሳሽ ሲያንጠባጥብ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጣ ይችላል። ዛሬ በቀጫጭን መርፌ ስለሚሠራ ብዙም አያጋጥም። ከመጣ ለሐኪም ይነገራል። ፈሳሽ መጠጣት፣ የሕመም ማስታገሻና ቡናም ጭምር ይረዳል። («ቡናማ አለን!» አሉ እማማ።) ከጸና በሽተኛዋን ከራሷ ደም ጥቂት ወስዶ ወገቧ ላይ በመወጋት ቀዳዳውን የመድፈን ሕክምና አለ። የነርቭ ጉዳት፣ መግል መቋጠር ወይም በቦታው ደም መጠራቀም እጅግ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ስለዚህ ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ትኩሳት ከኃይለኛ የወገብ ሕመም ጋር ቢመጣ፣ እግር ቢዝል ወይም ሽንት መቆጣጠር ቢያቅት «ያልፋል» ብሎ መቀመጥ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል!

እንግዲህ እህቴ፣ ምክሬን በአጭሩ ላስቀምጥልሽ።

አንደኛ፣ ቀኑ ሳይደርስ የሰመመን ባለሙያውን ለማነጋገር ጠይቂ። ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ። የሚጠይቀውን እዚያ ይጠይቅ፤ ቤት ውስጥ ከሚምል ይሻላል። ክትትልሽ ባለበት ሆስፒታል ይህንን መጠየቅ መብትሽ ነው።

ሁለተኛ፣ የሆነውን ሁሉ ንገሪያቸው። የመጀመሪያው መርፌ እንዴት እንደነበር፣ ወገብሽን እንደሚያምሽ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን፣ የማይስማማሽ መድኃኒት ካለ፣ የደም ግፊት ካለብሽ።

ሦስተኛ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንዳትበዪ ከተባልሽ እሱን ጠብቂ። «ትንሽ አጥሚት ምን ያደርጋታል» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ እንዳትሰሚ።

አራተኛ፣ አልጋው ላይ ሆነሽ የተሰማሽን ሁሉ ተናገሪ። ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከንፈር መውረር፣ ጆሮ ጭው ማለት፣ ወይም ደግሞ «ገና ይሰማኛል፣ አልደነዘዘም» ማለት። መንቀጥቀጥና ብርድ ብርድ ማለት ግን ብዙዎችን የሚያጋጥም ነው፣ አትደንግጪ።

አምስተኛ፣ ፊርማው ያንቺ ነው። አካሉ ያንቺ ነው፤ ተረድተሽ የምትስማሚው አንቺ ነሽ። ባል ይመክራል፣ አማት ይመርቃሉ፤ ስለራስሽ የምትፈርሚው ግን አንቺ ነሽ። ይህንን እዚያው በፊታቸው ተናግሬዋለሁ፤ ሹፌሩም ዝም ብሎ ቆይቶ «ሰኞ ሥራ የለኝም፣ አብሬያት እሄዳለሁ» ብሏል። ቃሉን እዚህ ያተምኩት እንዳይረሳው ነው!

ለሌሎቻችሁም አንባብያን የማስተላልፈው ይህንኑ ነው። ማደንዘዣ ብርቱ መድኃኒት ነው፤ በቦታውና በመጠኑ ሲሆን በር ዘግቶ ሕመም ያስቆማል፣ ሥራውን ጨርሶም ይሄዳል። መንገዱን ስቶ ወደ አንጎል ሲያቀና ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በከንፈርና በጆሮ ያስታውቃል። ያንን ምልክት የሚሰማው ሐኪሙ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ከሐኪም ፊት ስትሆኑ አፋችሁን አታደንዝዙት።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት!